እንገር፣ ፋፋ እና የእናት ጡት ስኳር፦ የሕፃናት አመጋገብ ታሪክ ከአርሲ ደጋ ሲታይ

(የሕዝብ ንግግር ግልባጭ)



 ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ሁለት ነገሮችን ላስታውቅ። አንደኛ፣ በንግግሬ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሁለተኛ፣ እኔ የታሪክ ሰው እንጂ ሐኪም ወይም የሥነ ምግብ ባለሙያ አይደለሁም፤ ስለዚህ ዛሬ ከእኔ የምትሰሙት የሕክምና ምክር ሳይሆን ታሪክ ነው። ታሪክ ግን አንዳንዴ ከምክር ይልቅ ይጠቅማል፤ ሰሚው ራሱ እንዲፈርድ ያደርገዋልና።

የማን እናት?

ከዚህ ርእስ ጋር የሚያገናኘኝን የግል ጉዳይ ልደብቅ አይገባኝም። የተወለድሁት ከጭላሎ ተራራ ግርጌ በምትገኝ የገጠር መንደር ነው። እናቴ እኔን በወለደች በሦስተኛው ሳምንት አረፈች። ያሳደገችኝ አክስቴ፣ የአባቴ እኅት ናት፤ ያደግሁትም በላም ወተት ነው። አክስቴ ወተቱን አፍልታ፣ በውሃ አቅጥና፣ ለብ ሲል በትንሽ ሲኒ ጠብ እያደረገች ታጠጣኝ ነበር። ያንን ጊዜ ባስታወሰች ቁጥር የምትናገረው አንድ ነገር ነው፦ ሆዴ እየተነፋ፣ ተቅማጥ እየተመላለሰብኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ አለቅስ እንደ ነበር። በመንደራችን እንደ እኔ እናት ከሞተችባቸው ሕፃናት መካከል የመጀመሪያ ዓመታቸውን የጨረሱት ጥቂቶች እንደ ነበሩም ትነግረኛለች። ስለዚህ ከእናት ጡት ውጭ ያደገ ልጅ ለእኔ የጥናት ርእስ ብቻ አይደለም።

ካቻምና የአክስቴ የልጅ ልጅ የአራት ወር ሕፃን ታቅፋ ከአሜሪካ ወደ አሰላ መጣች። በሕመም ምክንያት ወተቷ ስለ ቆመ ሕፃኑ የሚመገበው በጣሳ የታሸገ የዱቄት ወተት ነበር። በጣሳው ላይ፣ በእናት ጡት ውስጥ የሚገኝ ስኳር እንደ ተጨመረበት በጉልህ ተጽፎአል። ይህንኑ ለአክስቴ ስተረጉምላት ጣሳውን አገላብጣ አየችና «የማን እናት?» ስትል ጠየቀችኝ።

ያን ዕለት የሰጠኋት መልስ የተሟላ አልነበረም። የዛሬው ንግግሬ ያንን መልስ ለማሟላት የሚደረግ ሙከራ ነው።

እንገርና ቅል

አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከበላይዋ የቆመው ጭላሎ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ደጋ ላይ ዛሬ ዓይን እስኪደክም ድረስ የሚታየው ስንዴና ገብስ ነው። ከ1880ዎቹ የምኒልክ ዘመቻ በፊት ግን የአርሲ ኦሮሞ ኑሮ ዋና ምሰሶ ከብት ነበር። ከዘመቻው በኋላ መሬቱ ለሹማምንትና ለወታደሮች ሲደለደል፣ ማረሻም ወደ ግጦሹ ሲገፋ፣ የከብቱ ቁጥር ተመናመነ እንጂ የወተት ባህሉ አልጠፋም። ጩኮ ያለ ቅቤ አይታሰብም፤ እንግዳም ያለ እርጎ አይሸኝም። ወተት የሚቀመጥበት ቅል በወይራ እንጨት ጢስ ይታጠናል፤ እርጎው መዓዛ እንዲኖረው ብቻ ሳይሆን ቶሎ እንዳይበላሽም ጭምር ነው። አክስቴ ባክቴሪያ የሚለውን ቃል ሳትሰማ የትኛው ቅል «መልካም እርጎ እንደሚያወጣ» የትኛውም «እንደሚያከሽፍ» ለይታ ታውቅ ነበር።

በዚሁ ባህል ውስጥ ግን አንድ የሚያስገርም ተቃርኖ አለ። እንስሳም ሆነ ሴት እንደ ወለደች መጀመሪያ የሚወጣው ወፍራምና ቢጫ ወተት በአማርኛ እንገር፣ በኦሮምኛ ሲልጋ ይባላል። ጥጃ እንገር ካልጠባ እንደማይጠነክር ማንኛውም ከብት አርቢ ያውቃል። ለሰው ልጅ ሲሆን ግን በአርሲም ሆነ በሌሎች የኢትዮጵያ ክፍሎች እንገሩን ለሆድ ይከብዳል፣ ያረጀ ወተት ነው ብሎ አልቦ መድፋት ለረጅም ዘመን የኖረ ልማድ ነበር። ጡት እስኪሰጠው ድረስም ለአራሱ ሕፃን ለጋ ቅቤ ይቀመስለታል፤ ወይም የስኳር ውሃ፣ አለዚያም የአብሽ ውሃ ይሰጠዋል። ለጥጃ የታወቀው ጥበብ ለልጅ ተረሳ ማለት ነው።

ይህን የምጠቅሰው አያቶቻችንን ለመውቀስ አይደለም። እንገርን መጠራጠር በአውሮፓና በእስያም ለዘመናት የቆየ እምነት ነበር። ልማዱም በእኛ ዘመን በእጅጉ ቀንሷል። በ2016 የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከጡት በፊት ሌላ ነገር እንዲቀምሱ የተደረጉት ሕፃናት 8 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተወለዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት የያዙት 73 በመቶ፣ ከስድስት ወር በታች ሆነው ጡት ብቻ ይጠቡ የነበሩት ደግሞ 58 በመቶ ነበሩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየጎጆው የሠሩት ሥራ በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ይታያል።

እንገር ስለ ያዘው ነገር ግን ዛሬ ከቀድሞ የበለጠ እናውቃለን። በአንድ ሊትር እንገር ውስጥ ከ20 እስከ 25 ግራም የሚደርስ፣ ሕፃኑ ራሱ ሊፈጨው የማይችል የስኳር ዓይነት አለ። ወተቱ ከጠራ በኋላ መጠኑ ወደ 5–15 ግራም ይወርዳል። ይህ ስኳር ኦሊጎሳካራይድ ይባላል፤ ከላክቶስና ከቅባት ቀጥሎ በእናት ወተት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ጠጣር ነገር እርሱ ነው። በላም ወተት ውስጥ ግን ከኢምንት አይበልጥም። የእናት ሰውነት ልጅዋ የማይፈጨውን ስኳር ይህን ያህል ደክሞ የሚሠራው ለምንድን ነው? ይህን እንቆቅልሽ ለመፍታት ከመቶ ዓመት በላይ ወስዶአል።

ከሙኒክ እስከ ፔንሲልቬንያ

ታሪኩ የሚጀምረው ከሕፃናት ሰገራ ነው። በ1886 ቴዎዶር ኤሽሪክ የተባለ የሙኒክ ሐኪም በጨቅላ ሕፃናት አንጀት ውስጥ ስላሉ ባክቴሪያዎች መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ ዘመን በአውሮፓ ከተሞች በጡጦ የሚያድጉ ሕፃናት ጡት ከሚጠቡት ይልቅ እጅግ ብዙ ሆነው በተቅማጥ ይሞቱ ነበር፤ ኤሽሪክም ምክንያቱን ሲፈልግ ነበር። እርሱ ያገኘው ባክቴሪያ ዛሬ በስሙ ኤሽሪክያ ኮላይ፣ በአጭሩ ኢ. ኮላይ ተብሎ ይጠራል። ይህን ስም በልባችሁ ያዙልኝ፤ በመጨረሻ እንመለስበታለን። ኤሽሪክ ራሱ በኋላ በቪየና እናቶች ልጆቻቸውን እንዲያጠቡ የሚያበረታታ የሕፃናት መጠበቂያ ማኅበር አቋቋመ።

ከእርሱ ቀጥሎ በፓሪስ የፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው ሄንሪ ቲሲዬ በ1899 ጡት በሚጠቡ ሕፃናት ሰገራ ውስጥ ጫፉ እንደ ባላ የተከፈለ ባክቴሪያ አገኘ። ዛሬ ቢፊዶባክቴሪየም የምንለው ነው። በጡጦ ባደጉት ዘንድ ግን ብዛቱ አነስተኛ ነበር። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ግልጽ ሆነ፦ በእናት ወተት ውስጥ ሆኖ ይህን ባክቴሪያ የሚያበላው ነገር ምንድን ነው?

መልሱን ያገኙት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የእነርሱም ታሪክ ከኬሚስትሪ በላይ ነው። ፓውል ጊዮርጊ በሃንጋሪ የተወለደ አይሁዳዊ የሕፃናት ሐኪም ሲሆን በሃይደልበርግ ከኬሚስቱ ሪቻርድ ኩን ጋር በቫይታሚኖች ላይ ይሠራ ነበር። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ ጊዮርጊ ከጀርመን ተሰደደ። ኩን ግን እዚያው ቀረ፤ በ1938 የኖቤል ሽልማት ቢያገኝም አይሁዳውያን ባልደረቦቹን ለባለ ሥልጣናት እንደ ጠቆመ ታሪክ መዝግቦበታል። ከጦርነቱ በኋላ ሁለቱ ሰዎች በወተት ጉዳይ እንደገና ተገናኙ። ጊዮርጊ በፔንሲልቬንያ፣ ያለ እናት ወተት በደንብ የማያድግ አንድ የቢፊዶ ዝርያ አግኝቶ ነበር፤ የባክቴሪያው ዕድገትም ወተቱን መመዘኛ ሆነው። በ1950ዎቹ የእርሱና የኩን ቡድኖች «የቢፊደስ ምክንያት» ይባል የነበረው ነገር እነዚሁ ኦሊጎሳካራይዶች መሆናቸውን አሳዩ። በፈረንሳይም እነ ፖሎኖቭስኪ፣ ሌስፓኞልና ሞንትረይ በዚያው መንገድ ላይ ይጓዙ ነበር።

ስለዚህ የእንቆቅልሹ መፍቻ ይህ ነው፦ እናት በጡትዋ የምትመግበው ልጅዋን ብቻ አይደለም፤ በልጅዋ አንጀት የሚያድሩትን ወዳጆችም ጭምር ነው። እነርሱ ስኳሩን ሲበሉ አንጀቱን አሲዳማ ያደርጉታል፤ በሽታ አምጪዎችም ሥፍራ ያጣሉ። ከዚህም ሌላ ስኳሮቹ በአንጀት ግድግዳ ላይ ያለውን መያዣ ስለሚመስሉ አንዳንድ ተውሳኮች ግድግዳውን የያዙ መስሎአቸው ስኳሩን ይዘው ይወጣሉ። በ2004 በሜክሲኮ ሲቲ ላይ የታተመ ጥናት፣ ፉኮስ የተባለውን ስኳር በብዛት የያዙ ኦሊጎሳካራይዶች ከእናታቸው ወተት ያገኙ ሕፃናት በካምፒሎባክተር ተቅማጥ የመያዛቸው ዕድል ያነሰ መሆኑን አሳይቶአል።

ስዊድናውያን በጭላሎ

አሁን ወደ ደጋችን እንመለስ። የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በ1962 በአዲስ አበባ የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል አቋቋሙ። ክፍሉ በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ፤ በ1995 ደግሞ ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ወደምንለው ተቋም ተጠቃለለ። ከዚያ ቤት ከወጡት ሥራዎች ሁሉ በሕዝብ ዘንድ ስሙ የቀረው አንድ ዱቄት ነው፤ ፋፋ። ስሙ ከአማርኛው ግሥ የተወሰደ ነው፤ ልጅ ፋፋ ሲባል ወፈረ፣ ዳበረ፣ ሥጋ ለበሰ ማለት ነው። ዱቄቱ ከስንዴ፣ ከሽምብራ፣ ከአኩሪ አተር፣ ቅባቱ ከወጣለት የወተት ዱቄት፣ ከስኳር፣ ከቫይታሚንና ከማዕድን የተቀመመ ነበር። ፋፋ የጡት ምትክ አልነበረም፤ ከጡት ጋር ተደርቦ ለሚሰጥ ምግብ የታሰበ ነበር።

በ1967 ደግሞ ሌላ የስዊድን ፕሮጀክት በአሰላ ሥራ ጀመረ፤ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሁላችንም በምናውቀው አጠራሩ ካዱ። ካዱ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር አመጣ፤ የቁሉምሳን የምርምር ጣቢያ አጠናከረ፤ የአገሩን ላሞች ከፍሪዥያን ጋር አዳቀለ፤ ከገበሬው ወተት እየሰበሰበ ገበያ አገኘለት። ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት የገባነው በዚያ ወተትና በዚያ ስንዴ ገንዘብ ነው።

ነገር ግን ታሪክ ጸሐፊ አንዱን ገጽ ብቻ ሊያነብ አይፈቀድለትም። በጭላሎ መሬቱ የባለ ርስት፣ አራሹ ጭሰኛ ነበር። ስንዴ ትርፍ ማምጣት ሲጀምር ባለ ርስቶችና ኮንትራት ያዦች ትራክተር አስገቡ፤ ጭሰኞችም በብዛት ከመሬታቸው ተነቀሉ። ግጦሹ ታረሰ። የተነቀለ ጭሰኛ መጀመሪያ የሚያጣው ላሙን ነው፤ ላሙን ሲያጣ ደግሞ የልጁን ወተት ያጣል። ወተትን ለማብዛት የመጣ ፕሮጀክት ለአንዳንዱ ቤት ወተት አሳጥቶ ሄደ። የ1975ቱ የመሬት አዋጅ ሲታወጅ በአርሲ የነበረውን ደስታ ከዚህ ነጥሎ መረዳት አይቻልም።

የእኔ ቤት ዕድለኛ ነበር፤ የአክስቴ ላም አልተወሰደችም። እኔም ምግብ የምቀምስበት ጊዜ ሲደርስ አባቴ ከአሰላ የፋፋ ፓኬት ይዞልኝ መጣ። አክስቴ ከፋፋው ይልቅ ፓኬቱን ታስታውሰዋለች፤ አጥባ ለጨው ማስቀመጫ አድርጋው ነበርና።

የፕሮቲን ዘመን

የፋፋን ዘመን ለመረዳት ወደ ዓለም ዞር ማለት ያስፈልጋል። በ1930ዎቹ በጎልድ ኮስት፣ በዛሬዋ ጋና፣ ትሠራ የነበረችው ሐኪም ሲሲሊ ዊልያምስ ኳሺዮርኮር የተባለውን የሕፃናት በሽታ ለሕክምናው ዓለም አስተዋወቀች። ቀጥሎ የመጣው ትውልድ በሽታውን በአብዛኛው የፕሮቲን እጥረት አድርጎ ተረጎመው። በ1955 በተባበሩት መንግሥታት ሥር የፕሮቲን አማካሪ ቡድን ተቋቋመ፤ በ1968 ድርጅቱ ስለሚመጣው የፕሮቲን ቀውስ የማስጠንቀቂያ ሪፖርት አወጣ። በየአገሩም በፕሮቲን የዳበሩ ዱቄቶች ተፈለሰፉ። የእኛው ፋፋ ከእነዚህ አንዱ ነበር።

ከዚያም በ1974 ዶናልድ ማክላረን የተባለ የሥነ ምግብ ሊቅ በላንሴት መጽሔት ላይ «ታላቁ የፕሮቲን ውድቀት» የሚል ጽሑፍ አወጣ። በዚያው ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅትና የፋኦ ባለሙያዎች የሕፃናትን የፕሮቲን ፍላጎት ግምት ዝቅ በማድረጋቸው ታላቁ የፕሮቲን ክፍተት በወረቀት ላይ በአብዛኛው ተነነ። ለካስ የደሃ ልጅ የጎደለው በመጀመሪያ ምግብ ራሱ ነው፤ ንጹሕ ውሃ ነው፤ ጊዜ ያላትና የጠገበች እናት ናት። ፋፋ ምንም እንኳ በገበያ ላይ በአብዛኛው የከተማ ሰው የሚገዛው ቢሆን፣ በድርቅ ዓመታት እንደ እርዳታ እህል ብዙ ነፍስ አትርፎአል። ፋፋ ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም። ማለቴ፣ አንድን ሰፊ ችግር በአንድ ንጥረ ነገር ስም መጥራት የዘመኑ ስሕተት እንደ ነበር ነው።

በዚያ ቡድን ውስጥ ይህን ቀድመው ካዩት አንዱ ይንግቬ ሆፍቫንደር ነበር። በኢትዮጵያ የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል የሠራ ስዊድናዊ የሕፃናት ሐኪም ሲሆን፣ ወደ ኡፕሳላ ከተመለሰ በኋላ የታወቀው የእናት ጡት ማጥባት ተሟጋች ሆኖ ነው። በጋራ የጻፈው የሕፃናት አመጋገብ መመሪያ በብዙ ደሃ አገሮች የጤና ባለሙያዎች መማሪያ ሆኖአል።

የ1970ዎቹ የዱቄት ወተት ክርክር በዚሁ ዘመን የተነሣ ነው። ኩባንያዎች በደሃ አገሮች የጡጦ ወተትን በሚያስተዋውቁበት መንገድ ላይ ቁጣ ተቀሰቀሰ፤ በ1977 በአሜሪካ በኔስሌ ላይ የግዢ ማዕቀብ ተጀመረ። በግንቦት 1981 የዓለም ጤና ጉባኤ የእናት ጡት ወተት ምትኮችን ግብይት የሚገዛ ዓለም አቀፍ ሕግ በ118 ድምፅ ድጋፍ አጸደቀ፤ ብቸኛዋ ተቃዋሚ አሜሪካ ነበረች።

ስኳር ከገብስ እስከ ባክቴሪያ

የእናት ወተትን በፋብሪካ የመምሰል ምኞት ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። በ1865 ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ የሕፃናት ሾርባ ብሎ ያሳተመው ቅመም የላም ወተት፣ የስንዴ ዱቄት፣ የብቅል ዱቄትና ጥቂት የፖታሽ ጨው የያዘ ነበር። ብቅል! በከተማችን የብቅል ፋብሪካ በ1980ዎቹ ሲቋቋም ለቢራ መሆኑን ሁላችን እናውቃለን፤ ነገር ግን ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ያው የገብስ ብቅል የእናትን ወተት ይተካል ተብሎ ታስቦ ነበር። ሊቢግ የቅባትን፣ የፕሮቲንንና የስኳርን ሚዛን ካስተካከለ እናትን የመሰለ መሰለው። በሚዛኑ ላይ ያልነበረውን ነገር ሊያይ አልቻለም፤ ስሙም ገና አልተሰጠውም ነበርና።

ከ2000 ወዲህ አምራቾች የቢፊዶን ሥራ ይረዳሉ ያሏቸውን ሌሎች ስኳሮች፣ ከላም ላክቶስና ከቺኮሪ ሥር የተሠሩትን፣ መጨመር ጀመሩ። እነዚህ በእናት ወተት ውስጥ ያሉት ስኳሮች አልነበሩም፤ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ የተባሉ ናቸው። እውነተኛው የእናት ወተት ስኳር በብዛት መመረት የቻለው ከዚያ በኋላ ነው። ቱ ፕራይም ፉኮሲልላክቶስ የተባለው፣ በብዙ እናቶች ወተት ከሁሉ በዝቶ የሚገኘው ስኳር፣ በ2016 በአውሮፓ ኅብረት ተፈቀደ፤ በዚያው ዓመት የያዘው የዱቄት ወተት በአሜሪካ ገበያ ላይ ዋለ።

የአክስቴ ጥያቄ መልስ እዚህ ላይ ነው። የማንም እናት አይደለም። ይህ ስኳር የሚመረተው በትልልቅ የብረት ጋኖች ውስጥ ነው፤ የሚሠራውም ባሕርይው በሳይንስ የተለወጠ ባክቴሪያ ነው፤ ላክቶስ ይሰጠዋል፣ ፉኮስ ይጨምርበታል፣ ከዚያ ስኳሩ ተጣርቶ ይደርቃል። በአብዛኛውም ለዚህ ሥራ የሚውለው ባክቴሪያ ኢ. ኮላይ ነው። ኤሽሪክ በ1885 ከሕፃናት ሰገራ ያገኘው ያው ፍጡር ዛሬ ለሕፃናት የእናትን ስኳር ይሠራል። ስኳሩ በኬሚካላዊ ቅርጹ እናት ከምትሠራው ጋር አንድ ነው፤ በዚህ በኩል ማታለል የለም።

እስካሁን የተደረጉት ሙከራዎች የሚያሳዩት፣ ይህ ወተት የሚሰጣቸው ሕፃናት በጤና እንደሚያድጉና የአንጀት ባክቴሪያቸው ጡት ከሚጠቡት ጋር በመጠኑ እንደሚቀራረብ ነው። በሽታን ይቀንሳል የሚለው ማስረጃ ግን ገና ቀጭን ነው። በእናት ወተት ውስጥ ከ150 የሚበልጡ የዚህ ስኳር ዓይነቶች ተለይተዋል፤ በጣሳው ውስጥ ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ፀረ ተሕዋስያኑ፣ ሕያው ሕዋሶቹና ከልጁ ዕድሜ ጋር የሚለዋወጠው ሚዛን ደግሞ በጣሳው ውስጥ የሉም።

የእኛ ወተትና የእነርሱ ወተት

በ2017 የታተመ አንድ ጥናት በተለይ ልቤን ነክቶታል። ከስምንት አገሮች ከተውጣጡ አሥራ አንድ የጤናማ እናቶች ቡድኖች ወተት ተሰብስቦ ስኳሩ ተለካ። ከኢትዮጵያ አንድ የገጠርና አንድ የከተማ ቡድን ነበሩ፤ ከአገሮቹ አንዷም ስዊድን ናት። ከሃምሳ ዓመት በፊት ስዊድናውያን ምን እንደሚጎድለን ለመለካት መጥተው ነበር፤ አሁን የሁለቱ አገሮች እናቶች ወተት በአንድ ሰንጠረዥ ላይ እኩል ተቀመጠ። ውጤቱ ለምርምር ዓለም ትሕትናን የሚያስተምር ነው፦ የስኳሩ ዓይነትና መጠን ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ሁሉም እናቶች ግን ጤናማ ነበሩ። የተለመደ የእናት ወተት የሚባል አንድ ናሙና የለም።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነጥብ አለ። ቱ ፕራይም ፉኮሲልላክቶስን የሚሠሩት በዘር የወረሱት አንድ ኤንዛይም ያላቸው እናቶች ናቸው። በዚያ ጥናት ውስጥ እንደየቡድኑ ከ65 እስከ 98 በመቶ የሚሆኑት ይህን ያህል ስኳር ነበራቸው። የቀሩት እናቶች ወተት ውስጥ ይህ ስኳር የለም ማለት ይቻላል፤ ልጆቻቸው ግን ያድጋሉ፤ ሌሎቹ ስኳሮች ሥራውን ይካፈላሉና። እንግዲህ በጣሳ ላይ በጉልህ የተጻፈው ስኳር ከብዙ የእናት ስጦታዎች አንዱ ነው እንጂ ያለ እርሱ የማይኖርበት ምሥጢር አይደለም። ማክላረን በሕይወት ኖሮ ቢሆን፣ ስሙ ፕሮቲን የነበረው ነገር አሁን ስሙን ለወጠ ይለን ይሆን እንዴ ብዬ አስባለሁ።

በሌላ በኩል ግኝቱን ማቃለልም አይገባም። በ2016 በማላዊ እናቶች ላይ የወጣ ጥናት፣ የቀነጨሩ ሕፃናት እናቶች ወተት ሲያሊክ አሲድ ያላቸውን ኦሊጎሳካራይዶች አነስ አድርጎ እንደ ያዘ አሳይቶአል። በ2019 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶ የቀነጨሩባት አገር ይህን የመሰለ ግኝት ችላ ልትል አትችልም። ጥያቄው ግን ስኳሩ በጣሳ ይምጣ ወይስ እናቲቱ ራሷ ትመገብ የሚለው ነው።

ፍርድ

ወደ መደምደሚያዬ ልምጣ። በአንድ በኩል፣ ይህ ወተት ለሚያስፈልጋቸው ሕፃናት ያስፈልጋል። እናት ትሞታለች፤ እናት ትታመማለች፤ ወተት ይቆማል። እኔ ምስክር ነኝ። ጡት ማጥባትን በመስበክ ስም እነዚህን እናቶችና አሳዳጊዎች ማሸማቀቅ በደል ነው። ለእነዚህ ልጆች የሚሰጠው ወተት ከአክስቴ ቅል የተሻለ እንዲሆን መመኘት መብታችን ነው፤ ዋጋውም ከቅንጦት ዕቃ ጋር እንዳይቆጠር መጠየቅ ግዴታችን ነው።

በሌላ በኩል፣ ጣሳው ከራሱ ጋር ንጹሕ ውሃ፣ ነዳጅና የማያቋርጥ ገቢ ይዞ አይመጣም። በ2006 መጀመሪያ በቦትስዋና የሆነውን እናስታውስ። ሕፃናት ከእናቶቻቸው ኤች አይ ቪ እንዳይተላለፍባቸው በመልካም ሐሳብ የዱቄት ወተት በነጻ ይታደል ነበር። ከባድ ዝናብ ዘንቦ የተቅማጥ ወረርሽኝ ሲነሣ ግን ሆስፒታል ከገቡትና ከሞቱት ሕፃናት አብዛኞቹ ጡት የማይጠቡት ሆነው ተገኙ። በ2010 የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያውን ለውጦ፣ መድኃኒት እየወሰዱ ማጥባትን መከረ። ውሃው ካልጠራ በዱቄቱ ውስጥ ያለው ስኳር ምንም ያህል ቢረቅ ልጁን አያድነውም።

ከዚህ ታሪክ ለእናንተ ለተማሪዎቼ የማወርሰው ሥራም አለ። የካዱና የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩቱ ሪፖርቶች በየቤተ መጻሕፍቱ አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ አንብቡአቸው። ቅል ያጠኑ፣ እንገር የደፉም ያልደፉም፣ የእናት አልባ ሕፃን ያሳደጉ አረጋውያት ደግሞ በየመንደሩ አሉ፤ እነርሱን የሚያቆይልን ቤተ መጻሕፍት የለም። ስለ ሕፃናት አመጋገብ የተጻፈው ታሪክ በአብዛኛው የሐኪሞችና የኩባንያዎች ታሪክ ነው። የአሳዳጊዎቹ ታሪክ ገና አልተጻፈም።

ለአክስቴ መልሱን ነገርኋት፤ ስኳሩን የሠራው ባክቴሪያ መሆኑን፣ ባክቴሪያውም የተገኘው ከሕፃን ሰገራ መሆኑን። አልተደነቀችም። «እርጎንስ የሚያረጋው ማን ሆነና?» አለችኝ። ከዚያም ያን ሕፃን ከእናቱ ተቀብላ፣ ውሃው በደንብ መፍላቱን ሁለት ጊዜ ጠይቃ፣ ጡጦውን በክንዷ ውስጠኛ ቆዳ ላይ ጠብ አድርጋ ሙቀቱን ለካች። እኔንም ያሳደገኝ ያ ጥንቃቄ ነው።